ውሻውን ያዙልኝ

አንሴልሞ መጽሐፍ አለችው፣ ከደረት ኪሱ የማትወጣ፣
ከሊዝበን እስከ ጎቢ ሜዳ እያጠናት የመጣ፤
የቱ እግር ይቅደም፣ የትኛው እጅ ይቀበል፣
ምን ቢሉት ምን እንደሚል።

እኔ ሾፌሩ ነኝ፤ አስተርጓሚም ጭምር፣
በሁለት ሥራ አንድ ደሞዝ የምቆጥር።
እሱ ጉድጓድ ይለካል፤ ውሃው ስንት ክንድ እንደራቀ፣
የቱ እንዳለ፣ የቱ እንደደረቀ።

ከዶልጎር ድንኳን መቶ እርምጃ ሲቀረን፣
«አቁም!» አለኝ፤ «ከዚህ ነው መጣራት ያለብን።»
ወረደ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ በኛ ቋንቋ፣ በባዕድ አፉ፣
«ውሻውን ያዙልኝ!» ብሎ ጮኸ፣ እንዳለው መጽሐፉ።

በእኛ ዘንድ ይህ ነው «ቤቶች!» ማለት፣
ውሻ ኖረም አልኖረም፣ ከደጅ የሚሉት።
የዶልጎር ውሻ ግን ከሞተ አራት ቀኑ ነበር፤
እኔ ሰምቻለሁ፤ ለሱ አልነገርኩትም። ምን ብዬ ልንገር?

ዶልጎር ወጣች፤ ግንባሯን በመዳፏ ጋርዳ
አየችን፤ መኪናውን፣ እኔን፣ ረጅሙን እንግዳ።
ሰንሰለቱ ካስማው ላይ እንደተጠቀለለ ነው፤
ገበቴው ውስጥ አጥንት አለ፣ ማንም ያልነካው።

ዝም አለች። አንድ ትንፋሽ ያህል።

«ይዤዋለሁ» አለች። «ግቡ። ጠግቦ ተኝቷል።»

ደፉን ሳይረግጥ ገባ፤ ጎሽ አልኩት በሆዴ፤
በግራ ዞሮ ተቀመጠ፣ ቀስ ብሎ፣ በዘዴ።
የባዝራ ወተት ቀረበለት፤ በቀኙ ተቀበለ፣
ክርኑን በግራው ደግፎ፤ ኮምጣጣው ዓይኑን ጨፈነው፤ «ግሩም!» አለ።

ወንድሟ ጃምባ ከጉያው የሱረት ብልቃጡን አውጥቶ
በተዘረጋ መዳፍ ሰጠው፣ ክዳኑን ላላ አድርጎ ትቶ።
አንሴልሞ ከፈተ፣ አጮለቀ፣ ገለበጠ፣ አንኳኳ፤
ወደኔ ዞሮ «ባዶ ነው! አልቆባቸዋል ለካ»
ብሎ ሲጋራ ሊያቀርብ ቦርሳውን ከፈተ።
የጃምባ ጆሮ ቀላ፤ ጨዋታው ተጎተተ።

ይቺ ገጽ መጽሐፏ ውስጥ የለችም።
ሱረቱ ካለቀ ስንት ወሩ፤
ሰው ግን ባዶውን አሽትቶ፣ አመስግኖ ይመልሳል፣ ከነክብሩ።

በጆሮው ነገርኩት። ፊቱ ደም መሰለ፤
ብልቃጡን መልሶ አፍንጫው ላይ አዋለ፣
ረጅም ሳበ። ምንም የለም። ዓይኑ ግን እንባ አቀረረ፤
«ኃይለኛ ነው!» አለ። ጃምባ ሳቁን ለቀቀው፤ ጨዋታው ጀመረ።

ጉድጓዱን ለካን። ከአምናው ሁለት ክንድ ወርዷል።
ጻፈው። ደግሞ ለካው። ደግሞ ጻፈው።

ስንሰናበት የዶልጎርን እግር ረገጣት፣ ሳያስበው፤
ወዲያው እጁን ዘረጋ፣ ለእርቅ፤ ይቺን ያውቃት ነበር ሰውየው።
ጨበጠችው። ከዚያ ካስማውን አየ። «ውሻው የት አለ?» አለኝ።
እኔ እንደ ድንጋይ ቆምኩ፤ በሁለት ቋንቋ ቃል አጠረኝ።

ዶልጎር ዓይኑን ተከትላ፣ በጣቷ ሳይሆን በሙሉ መዳፏ
ጉብታውን አሳየችው፤ ቃሉ ዝግ ብሎ ወጣ ካፏ፦
«እዚያ ነው። ጅራቱን ከራሱ ስር አንተርሼ ቀበርኩት፣
ሲመለስ ሰው ሆኖ ይምጣ ብዬ መረቅሁት።»

ይህን ተረጎምኩለት። አንሴልሞ መሬት ጠበበው፤
ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ፣ ደግሞ አወለቀው።
«የሞተ ውሻ ያዙልኝ ብዬ ጮህኩ!» አለ፤ «በላት ይቅርታ።»

አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፣ ወደ ጉብታው ተመልክታ።

«ከሞተ ወዲህ የመጣ ጎረቤት ሁሉ እያዘነ
ሳይጣራ ነው የሚገባ፤ ደጄ የሙት ደጅ ሆነ።
ዛሬ አንድ ሰው ከሩቅ ቆሞ ውሻዬን ፈራልኝ፤
ላንድ ትንፋሽ፣ አንገቱ ላይ እጄ ያለ መሰለኝ።»

«ምን አለች?» አለኝ አንሴልሞ፣ መጽሐፏን በጁ ጨምድዶ።
ሞተሩን አስነሳሁ፤ ቃሏ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ፣ ከብዶ።
«በሚመጣውም ወር» አልኩት፣ «መቶ እርምጃ ሲቀርህ ቁም፤
ጩህ ብላሃለች፤ እንደ ዛሬው፤ ድምፅህን ሳትቀንስ ምንም።»